«ዝም ብሎ» የሚለው ፎልደር

1.

የድምፅ ናሙና (ግዴታ)፦ ........................


2.

ከላይ ያለው የቅጽ መስመር ነው። እኔ አልጻፍኩትም። አንድ የባህል ተቋም የሙዚቃ መዝገበ ቃላት እያዘጋጀ ነው፤ ለእኔ ሁለት ቃላት ደረሱኝ፦ «አንደርግራውንድ ሂፕ ሆፕ» እና «አማራጭ ሂፕ ሆፕ»። ለእያንዳንዳቸው መቶ ሃምሳ ቃል ፍቺ፣ አንድ ምሳሌ፣ አንድ የድምፅ ናሙና። ቀነ ገደቡ ሰኔ ሠላሳ ነበር። ዛሬ ሐምሌ ሁለት ነው።

አስተባባሪዋ «መምህር፣ በዚህ ጉዳይ ከእርስዎ የበለጠ የጻፈ ሰው የለም» ብላ በትሕትና ልካልኛለች። ልክ ናት። የለም። የሚያሳዝነውም እሱ ነው።


3.

ፍቺ

«አንደርግራውንድ ሂፕ ሆፕ፦ ከንግዱ ዓለም ውጭ የሚሠራ፣ የኅብረተሰቡን ችግር የሚያንጸባርቅ የሙዚቃ ስልት።»

የኅብረተሰቡን ችግር የሚያንጸባርቅ። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ይህን ሐረግ ከፈተና ወረቀት ላይ በቀይ ስሰርዝ ኖሬያለሁ። አንድ ገጽ ያላነበበ ተማሪ ስለ የትኛውም ልብ ወለድ ሊጽፈው ይችላል። አሁን እኔ ጻፍኩት።

ይሰረዝ።


4.

ፍቺ

«...ከፉከራና ከቀረርቶ የመነጨ...»

እንዲህ የሚሉ አሉ፤ አንዳንዶቹ ዶክተሮች ናቸው። አንድን ነገር የእኛ ካልሆነ መውደድ አይችሉም። ከጎረቤት ወንበር ቢዋሱ እንኳ ወንበሩን የጠረበው የራሳቸው አያት መሆኑን ሳያረጋግጡ አይቀመጡበትም። ራፕን የሠሩት የኒውዮርክ ድሆች ናቸው። እኛ ተዋስነው። መዋስ ነውር አይደለም፤ ተውሶ አያቴ ጠረበው ማለት ነው ነውሩ።

ይሰረዝ።


5.

እንዴት እንደሚገኝ (ለአንባቢ የተሰጠ መመሪያ)

ወደ አቃቂ ሂድ። አንተ እያልኩህ ነው፤ ካልተመቸህ የሚያከብርህ ጸሐፊ ፈልግ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለ ፀጉር ቤት ግባና ተራህን ጠብቅ። ከመስታወቱ ሥር ስልክ ተቀምጦ ይዘፍናል። መጀመሪያ ሙዚቃ መሆኑ አይገባህም፤ አንድ ሰው ጣውላ በጡጫ እየመታ የቤት ስፋት የሚቆጥር ይመስልሃል። ከዚያ አንድ ስንኝ ይይዝሃል። ሌላው ይደግምሃል። የምታነበውን ጋዜጣ ታጥፋለህ። ይህን ጊዜ ማን እንደሆነ ፀጉር አስተካካዩን ጠይቅ።

«እኔ እንጃ ጋሼ፤ ፋንታዬ ጋ ነው ያስጫንኩት።»

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው ብለህ አስጫንከው?»

«እሷ ምን ዓይነት አትልም። ለምንህ ነው ነው የምትለው። ለሰርግ ነው? ለጂም ነው? እኔ ዝም ብሎ አልኳት።»

ፀጉርህን እስኪጨርስ ጠብቅ። እኔ አልጠበቅኩም። በግማሽ ጭንቅላት ነው መንገዱን የተሻገርኩት።


6.

የፋንታዬ ሱቅ በመናኸሪያው አጥር ጥግ ያለ ኮንቴይነር ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር፣ በፌስታል የተሸፈነ ስፒከር። ሰው ከስልኩ ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ይሰጣታል፤ እሷ ዘፈን ሞልታ ትመልስለታለች። ይህ ሥራ አልፎበታል ትለኝ ይሆናል። ኢንተርኔት ከማይቋረጥበት ቢሮ ሆነህ ለምትናገረው አዎ፣ አልፎበታል።

ኮምፒውተሯ ላይ ያሉት ፎልደሮች እነዚህ ነበሩ፦

ለሰርግ
ለጂም
ለሹፌር
ለሚስት (ይቅርታ)
መዝሙር
መንዙማ
እንግሊዝኛ
ዝም ብሎ

«‹ዝም ብሎ› ምንድን ነው?» አልኳት።

«ለምንም የማይሆን።»

«ለምንም የማይሆን ሙዚቃ አለ?»

«አይጨፈርበት፣ አይለቀስበት፣ አይጸለይበት። ለምን እንደሚሰሙት ራሳቸውም አያውቁትም። ሲያጡት ግን ይነጫነጫሉ።» ከኮምፒውተሩ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ጭንቅላትዎ ግማሹ ቀርቷል እኮ።»

ፍቺው ይህ ነበር። በነጻ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ በአርባ ዓመት ሴት አፍ። ያን ጊዜ ጽፌው ወደ ቤቴ ብመለስ ኖሮ ይህ ቅጽ ዛሬ ሙሉ ይሆን ነበር።

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ።


7.

በዚያ ፎልደር ውስጥ አሥራ አንድ ዘፈኖች ነበሩ። ስም የላቸውም፤ ከ01 እስከ 11 ቁጥር ብቻ። ሁሉም የአንድ ሰው ድምፅ። ከሆድ የሚወጣ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ስንኝ ሊጨርስ ሲል ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝቅ የሚል ድምፅ። አቤኔዘር የሚባል ጓደኛው ነው የቀዳው፤ በኮንዶሚኒየም ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ የፍራሽ ስፖንጅ ለጥፎ።

ባለ ድምፁን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እንዳሻው ጥላዬ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የመድረክ ስሙ ካሬ ሜትር፤ መድረክ ግን ላይ ወጥቶ አያውቅም።


8.

ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ። ኅዳር ዘጠኝ፣ ሻይ ቤት። የቅጂው ርዝመት 41 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ።

እኔ፦ ሙሉ ስምህንና የምትጠራበትን ንገረኝ።

እሱ፦ እንዳሻው ጥላዬ። ካሬ ሜትር ይሉኛል።

እኔ፦ ማን አወጣልህ?

እሱ፦ ሥራዬ። ሊፈርስ ያለ ቤት ሲለካ ሜትር እይዛለሁ። ማለቴ ዜሮውን። ግድግዳው ላይ ዜሮውን አስጠግቼ «ዜሮ» ብዬ እጮኻለሁ፤ ወዲያ ያለው ቁጥሩን ያነባል።

እኔ፦ ይህ ትልቅ ተምሳሌት ነው።

እሱ፦ አይ፣ የቀን ሥራ ነው።

እኔ፦ ከውጭ ሙዚቃ ተጽዕኖ የለብህም ማለት ይቻላል?

እሱ፦ አለብኝ እንጂ ቲቸር። አሜሪካኖቹን ፋንታዬ ጋ አስጭኜ እሰማ ነበር። እንግሊዝኛው አይገባኝም። በማን እንደተናደዱ ግን ይገባኛል።

እኔ፦ «አንደርግራውንድ» የሚለውን ስያሜ ትቀበለዋለህ?

እሱ፦ ከመሬት በታች ማለት ነው አይደል?

እኔ፦ ቃል በቃል፣ አዎ።

እሱ፦ እኛ እኮ መሬቱ ላይ ነን። መሬቱ ነው የእኛ ያልሆነው።*

እኔ፦ (ስለ ቃሉ አመጣጥ ለአምስት ደቂቃ እናገራለሁ።)

እሱ፦ እሺ ቲቸር።

እኔ፦ እና ግጥሞችህን እንዴት ነው የምታዘጋጀው?

እሱ፦ ይመጡብኛል። አሁን ራሱ ስናወራ አንድ መጣብኝ። ልበለው?

እኔ፦ በል።

እሱ፦ (ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል። አየር ይስባል።)
ዜሮውን ይዣለሁ፣ ጫፉ እኔ ጋ ነው፤
ወዲያ ማዶ ያለው ቁጥሩን የሚያነበው።
አራት በሦስት አለ፣ አሥራ ሁለት ካሬ፤
ሰባት ልጅ ያደገው—

እኔ፦ ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ጋ አቁም። ይህ የወል ቤት ነው። ሂፕ ሆፕ አይደለም። ሂፕ ሆፕ ውስጥ ቤቱ ስንኙ መጨረሻ ላይ ብቻ አይመታም፤ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚመታው። አየህ፣ የእኛ ሰው ችግሩ... (ለአሥራ አንድ ደቂቃ እናገራለሁ።)

እሱ፦ እሺ ቲቸር።

* ይህን ዐረፍተ ነገር በኋላ በጽሑፌ ውስጥ እንደ ራሴ አድርጌ ተጠቅሜበታለሁ። በጣም ተወድዶልኛል።


9.

ጽሑፉ በታኅሣሥ ወጣ፤ ጥቂት ሰው በሚያነባት መጽሔት ላይ። የተጻፈው በንዴት ነው። አንድ ጎበዝ ራፐር በዚያ ሰሞን የሳሙና ማስታወቂያ ሠርቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲቆሽሽ እንጂ ሲታጠብ ማየት አልወድም። ስለ «አማራጭ» ሂፕ ሆፕም ሁለት አንቀጽ ነበረበት፦ አማራጭ ሁለት ሳሕን የቀረበለት ሰው ቃል ነው፣ ዜሮውን የሚይዝ ሰው አማራጭ የለውም፣ ለየት ያለ ድምፅ ማውጣት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው፣ ወዘተ። መጨረሻው ላይ ሰባት ትእዛዛት አስቀመጥኩ።

አንድ፦ ለማስታወቂያ የተከፈተ አፍ ዳግመኛ ራፕ አያደርግም።

ሁለት፦ ግጥም በወረቀት አይጻፍም።

ሦስት፦ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ከመሬት ወጥቷል፤ ከእኛ አይደለም።

አራት፦ ሬዲዮ ቢጠራህ አትሂድ።

አምስት፦ የሰማኸውን በቃልህ ያዝ፤ ከዚያ አጥፋው። በቃልህ ያልያዝከው ያንተ አልነበረም።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ስለ ልብስና ስለ እንግሊዝኛ ነበሩ። ያሳፍሩኛል።

የቀሩትስ? አትበለኝ።


10.

ጽሑፍ የሚነበብ አይመስለኝም ነበር። ሃያ ዓመት ጽፌ ያገኘሁት መልስ ሁለት የስድብ ደብዳቤ ነው፤ አንደኛው የተላከው ለሌላ ሰው ነበር።

ይህኛው ተነበበ። የአቃቂ ልጆች ትእዛዛቱን ፎቶ ኮፒ አድርገው በፋንታዬ ኮንቴይነር በር ላይ ለጠፉት። ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ ቤት ይሰበሰቡና አንዱን የካሬ ሜትር ዘፈን ሦስት ጊዜ ይሰማሉ። በየተራ በቃላቸው ይወጡታል። ያልቻለ ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል። ከዚያ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ ሁሉም እያየ፣ ዘፈኑን እኩል ያጠፉታል።

አንድ ቅዳሜ ጋበዙኝ። ስምንት አውራ ጣት በአንድ ጊዜ ሲወርድ አየሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። በሕይወቴ የጻፍኩትን ነገር ሰው ሲያደርገው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘጠነኛው ስልክ የእኔ ነበር። እኔም አጠፋሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የቀሩትን አሥሩን።

በቃሌ ግን አልያዝኩም ነበር። ሻይ የጋበዝኩት እኔ ነኝ።


11.

አቤኔዘር ደግሞ ከሁሉም በለጠ። ቁም ሣጥን ውስጥ የቀዳውን ዋናውን ቅጂ ከላፕቶፑ አጠፋ። ሲያጠፋ ቪዲዮ ቀርጾ በቴሌግራም ላከልኝ።

መልሴ፦

👍


12.

ጥር። የኮሌጁ በር። እንዳሻው ሻርብ ጠምጥሞ ቆሟል። የጥዋት ብርድ መሰለኝ።

«ቲቸር፣ ከሬዲዮ ደውለውልኝ ነበር። የወጣቶች ፕሮግራም። አሥራ አንዱንም ሊወስዱት ነው። አንዴ ይለቁትና መዝገብ ቤት ይቀመጣል፣ አይጠፋም አለችኝ ልጅቷ። ፋንታዬ ጋ ያለውን ቀድቼ ልሰጣት ነው።»

«ምን አልካት?»

«መምህሬን ልጠይቅ አልኳት።»

መምህሬን። ደስ አለኝ፤ መደበቅ አልችልም።

«አራተኛው ምን ይላል?»

«አትሂድ ይላል።»

«ታዲያ?»

«እሱማ ልክ ነዎት። ግን መጋቢት ላይ አንገቴን ቀዶ ጥገና አለብኝ፤ ሐኪሙ ደግሞ—»

«አንገትህን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? መሄድ ከፈለግህ ሂድ። እኔም እጽፋለሁ። ስለ ሳሙናው ልጅ እንደጻፍኩት።»

ሻርቡን አጠበቀው። 

«እሺ ቲቸር» አለ።


13.

ሐኪሙ ደግሞ

ሐኪሙ ደግሞ

ሐኪሙ ደግሞ

(ይህን ዐረፍተ ነገር ለማስጨረስ የሚያስፈልገው አራት ሰከንድ ነው። ለክቼዋለሁ።)


14.

እንቅርት ነበር። ሻርቡ የሚሸፍነው እሱን ነው። ሐኪሙ ዕጢው ከድምፅ ነርቭ ጋር ተያይዟል፣ ሲወጣ ድምፅህ ሊሄድ ይችላል ብሎ አስቀድሞ ነግሮት ነበር። ሬዲዮ ጣቢያው ያጓጓው ለዝና አልነበረም። ድምፁን ከአንገቱ ውጭ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ፈልጎ ነው።

መጋቢት ላይ ዕጢው ወጣ። ሐኪሙ የተናገረው ደረሰ።


15.

ግንቦት መጀመሪያ ቤቴ መጣ። በር ሳይሆን መስኮት አንኳኳ፤ ከበሩ ሆኖ ቢጣራ እንደማይሰማ ስላወቀ። የሚናገረው በአየር ነው። ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ነገር፤ ተጠግተህ ከንፈሩን ካላየህ ቃል አይሆንም።

ከሥራ ወጥቷል። ዜሮውን የያዘ ሰው «ዜሮ» ብሎ ካልጮኸ ወዲያ ያለው ማንበብ አይጀምርም። አንድ ሳምንት ቀይ ጨርቅ ሲያውለበልብ ከረመ፤ ሌላ ሰው ቀጠሩ።

የመጣው ግን ለሥራው አልነበረም።

«ወረኢሉ ደወልኩ» አለ። «ለእናቴ።»

«እሺ።»

«ማነህ አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። እንዳሻውን አቅርብልኝ አለችኝ።» ቆመና ተነፈሰ። «ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ይመስላታል። ሞቶ ነው እንጂ ብላ እህቴ ጋ ታለቅሳለች።»

ወንበር ሳብኩለት።

«አንዱን ልላክላት። የትኛውም ይሁን። እሱ ነው ትበል። ቲቸር፣ ድምፄን ያግኙልኝ።»


16.

የሄድኩባቸው፦

የሻይ ቤቱ ስምንት ልጆች። ሁሉም አሥራ አንዱንም በቃላቸው ወጡልኝ፤ አንድ ስንኝ አልሳቱም። በራሳቸው ድምፅ። አንደኛው አፍንጫው ተደፍኖ ነበር።

አቤኔዘር። ላፕቶፑን ሸጧል። ባይሸጠውም ያው ነበር፤ ቪዲዮው አለኝ።

ፀጉር አስተካካዩ።

«ስልኬ ሽንት ቤት ገባ ጋሼ።»

«ሚሞሪውስ?»

«አብሮ ነዋ። እየዘፈነ ነው የገባው። ትንሽ ቆይቶ ነው ዝም ያለው።»

ሬዲዮ ጣቢያው። ልጅቷ ታስታውሰዋለች። «መምህሬ ከልክሎኛል ብሎ ቀረ» አለችኝ። «እርስዎ ያውቁታል መምህሩን?»


17.

ፋንታዬን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኳት እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ አለ፤ እሷ ማንንም አንብባ አታጠፋም።

«በቅበላ አጠፋሁት ጋሼ» አለች።

«ምን?»

«ዘፈኑን በሙሉ ነው። ሁልጊዜ ነው የማጠፋው። በሁዳዴ ማን ዘፈን ያስጭናል? መዝሙር ነው የሚፈለገው፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለቱን አይችልም። ለፋሲካ ከሰው ኪስ እለቅመዋለሁ። ሰው ሚሞሪውን ሊያስሞላ ሲመጣ ያለበትን ቀድቼ አስቀራለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። አንድም ዘፈን ጠፍቶብኝ አያውቅም። የእኔ መጋዘን የሰው ኪስ ነው።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም ሁሉም ተመለሰ። የሰርጉ፣ የጂሙ፣ የይቅርታው። ይኼ ብቻ ነው ባዶውን የቀረ።» ፎልደሩን ከፈተችው። ነጭ። «ልጆቹን ስጠይቅ አጥፍተናል ይላሉ። ለምን ስላቸው በሩን ያሳዩኛል።»

በሩን አየን። ወረቀቱ በፀሐይ ገርጥቷል።

«ማን እንደጻፈው አላውቅም» አለች። «ዘፈን የማይወድ ሰው ነው።»

ስሜ ከጽሑፉ ሥር ነበር። ፎቶ ኮፒው ቆርጦታል።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ነገርኳት ወይስ አልነገርኳትም ብለህ ትጠይቃለህ። ነገርኳት። ቀና ብላ ጭንቅላቴን አየች፤ ያን ጊዜ ግማሹን ተቆርጬ የመጣሁትን ሰውዬ ታስታውስ እንደሆነ አላውቅም።

«እና እርስዎ ራስዎ ምንም የለዎትም?» አለችኝ።


18.

አለኝ።

የሻይ ቤቱ ቅጂ፤ አርባ አንድ ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ።

በማግስቱ ሦስታችንም ኮንቴይነሩ ውስጥ ተቀመጥን። እንዳሻው ወንበሩ ላይ፣ እኔ የዘይት ጀሪካን ላይ። ፋንታዬ ቅጂውን ስክሪኑ ላይ ዘረጋችው። የእኔ ድምፅ ወፍራም፣ የእሱ እዚህም እዚያም ጭረት።

«ሲናገሩ አይተነፍሱም እንዴ ጋሼ?» አለች፤ ከዚያ እኔን መቁረጥ ጀመረች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ስትጨርስ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ቀረ።

ከቀረው ጥቂቱ ይህ ነው፦


እንዳሻው ጥላዬ። ካሬ ሜትር ይሉኛል።


ሥራዬ።


አይ፣ የቀን ሥራ ነው።




እሺ ቲቸር።





ልበለው?


(አየር ይስባል።)
ዜሮውን ይዣለሁ፣ ጫፉ እኔ ጋ ነው፤
ወዲያ ማዶ ያለው ቁጥሩን የሚያነበው።
አራት በሦስት አለ፣ አሥራ ሁለት ካሬ፤
ሰባት ልጅ ያደገው





እሺ ቲቸር።


እንዳሻው በጆሮ ማዳመጫ ሰማው። ግጥሙ ጋ ሲደርስ በጣቱ መልሺው አላት። መለሰችው። እንደገና መልሺው አላት። ግጥሙን መስሎኝ ነበር፤ እሱ የሚፈልገው ከግጥሙ በፊት አየር የሚስብበትን ቦታ ነው። እዚያ ጋ ስድስት ጊዜ አስመለሳት።

«ቀጣዩ ምን ነበር?» አልኩት። «ሰባት ልጅ ያደገው ብለህ።»

ትከሻውን ነቀነቀ።

«ከአሥራ አንዱ አልነበረም» አለ በአየር። «ያን ጊዜ እዚያው የመጣ ነው። ገና እየመጣ ነበር።»


19.

ለእናቱ ግጥሙን አልላከም። የተቆረጠ ነገር ያስደነግጣታል አለ። ፋንታዬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ ለይታ አወጣችለት፤ ሁለት ሰከንድ። «እንዳሻው ጥላዬ።» ወረኢሉ ላለችው እህቱ ስልክ በቴሌግራም ተላከ።

ጠበቅን። የሆነ ሹፌር መጥቶ የመንገድ ዘፈን አስጫነና ሄደ።

ስልኩ ጠራ። እንዳሻው አየው፤ ከዚያ ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አሮጊት ሴት። ከጀርባዋ ዶሮ ይሰማል።

«እንዳሻው? ሰማሁህ እኮ። አንተው ነህ። ያንተው ድምፅ ነው፣ አፈር ስሆን።»

አፉን ከፈተ። ዘጋው።

«ምነው አቆምክ? ቀጥላ ልጄ።»

እንዳሻው እኔን አየኝ። ፋንታዬም አየችኝ። አርባ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያለማቋረጥ መናገር የቻልኩ ሰው ነኝ።

«ሄሎ? ቀጥላ።»


20.

የተቋሙ ቅጽ፣ እንደተሞላ፦

ቃል፦ አንደርግራውንድ ሂፕ ሆፕ
ፍቺ፦ አቃቂ፣ መናኸሪያው አጥር ጥግ፣ ፋንታዬን ጠይቁ። በሯ ላይ ያለውን ወረቀት አታንብቡ።

ቃል፦ አማራጭ ሂፕ ሆፕ
ፍቺ፦ እኔ አፌን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትሰሙት።

ምሳሌ፦ ከታች። ስድስት የስንኝ ቀለም ይጎድለዋል። በ«ሬ» ነው የሚጨርሰው። ባለቤቱም አያውቀውም፤ እኔም አልናገርም።

ዜሮውን ይዣለሁ፣ ጫፉ እኔ ጋ ነው፤
ወዲያ ማዶ ያለው ቁጥሩን የሚያነበው።
አራት በሦስት አለ፣ አሥራ ሁለት ካሬ፤
ሰባት ልጅ ያደገው ........................

የድምፅ ናሙና (ግዴታ)፦